የሆድ አኦርታ አኑሪዝምን ያለ ሰፊ ቀዶ ጥገና መጠገን፦ ትንሽ ቁስል፣ የዕድሜ ልክ ክትትል

መግቢያ

አኦርታ ከልብ ተነሥቶ በደረትና በሆድ ውስጥ በማለፍ ለመላው አካል ደም የሚያደርስ ትልቁ ደም ቅዳ ነው። በሆድ ውስጥ የሚገኘው የዚህ ደም ቅዳ ክፍል ግድግዳው ሳስቶ ከመጠን በላይ ሲሰፋ የሆድ አኦርታ አኑሪዝም ይባላል። በሽታው ለብዙ ዓመታት አንዳችም ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። ሲፈነዳ ግን ሆስፒታል ሳይደርሱ የሚሞቱት ጭምር ሲቆጠሩ ከአምስት ሕሙማን የአራቱን ያህል ሕይወት ይቀጥፋል።

እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ለዚህ በሽታ የነበረው ሕክምና ሆድን በሰፊው ከፍቶ የተጎዳውን የአኦርታ ክፍል በሰው ሠራሽ ቧንቧ መተካት ብቻ ነበር። ከ1990 ወዲህ ግን በብሽሽት በኩል በሚገባ ቀጭን መሣሪያ አማካይነት አኑሪዝሙን ከውስጥ የመሸፈን ዘዴ ተስፋፍቷል። ኤንዶቫስኩላር ጥገና ወይም በአጭሩ ኢቫር ተብሎ የሚጠራው ይህ ዘዴ በአሜሪካና በብዙ የአውሮፓ አገሮች ካልፈነዱ አኑሪዝሞች የአብዛኞቹ መጠገኛ ሆኗል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዘዴው እንዴት እንደሚሠራ፣ ለየትኛው ሕመምተኛ እንደሚስማማና የረጅም ጊዜ ጥናቶች ስለ እርሱ ያሳዩትን ማብራራት ነው። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነጥብ ሊሠመርበት ይገባል። ክፍት ቀዶ ጥገና አኑሪዝሙን ቆርጦ ይተካል፤ ኢቫር ግን አኑሪዝሙን በቦታው ትቶ ከደም ግፊት ይከልለዋል። ከዚህ የተነሣ ከኢቫር በኋላ ሕመምተኛው «ድኗል» ተብሎ የሚሰናበት ሳይሆን ዕድሜውን ሙሉ ክትትል የሚያሻው ሰው ነው። ይህም ኃላፊነት ቀዶ ጥገናውን ባከናወነው ሐኪም ላይ ብቻ የሚወድቅ አይደለም፤ ሕመምተኛውን በኋላ የሚያገኘውን ማንኛውንም የጤና ባለሙያ ይመለከታል።

የበሽታው ጠባይ

ከኩላሊት ደም ቅዳዎች በታች ያለው የጤናማ ጎልማሳ አኦርታ ስፋት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስፋቱ 3 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ወይም ከዚያ ሲያልፍ አኑሪዝም ተብሎ ይመዘገባል። አብዛኛው የሆድ አኑሪዝም የሚከሠተው ከኩላሊት ደም ቅዳዎች መነሻ በታች፣ አኦርታው በእምብርት ትይዩ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ዳሌ ከሚወርድበት ሥፍራ በላይ ነው።

የአኦርታን ግድግዳ የሚያጠነክሩት ኤላስቲንና ኮላጅን የተባሉት ክሮች ናቸው። በረጅም ጊዜ የግድግዳው ብግነት ምክንያት እነዚህን ክሮች የሚያፈርሱ ኤንዛይሞች ይበዛሉ፤ ለስላሳ የጡንቻ ሕዋሳትም ይመናመናሉ። የሳሳው ግድግዳ የደም ግፊቱን መቋቋም ሲያቅተው፣ ባረጀ የመኪና ጎማ ላይ እንደሚወጣ እብጠት፣ ወደ ውጭ ይነፋል። የቧንቧው ስፋት በጨመረ ቁጥር በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ውጥረት ይጨምራል፤ ውጥረቱም በተራው ስፋቱን ያባብሳል። አኑሪዝም አንዴ ከተፈጠረ በኋላ በራሱ የማይመለሰው ስለዚህ ነው።

ለበሽታው ከሚያጋልጡት ሁሉ የሚበረታው ሲጋራ ማጨስ ነው። ዕድሜ ከ65 ዓመት በላይ መሆን፣ ወንድ መሆን፣ በወላጅ፣ በወንድም ወይም በእኅት ላይ በሽታው መገኘቱ፣ የደም ግፊት መጨመርና የደም ቅዳ መደደር የሚቀጥሉት ናቸው። በተቃራኒው የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ አኑሪዝም በአንጻሩ አነስ ብሎ መታየቱ በብዙ ጥናቶች ተደጋግሞ ተረጋግጧል። ሕመምተኛው በዕድሜ ወጣት ከሆነ፣ ትኩሳት ካለበት ወይም እብጠቱ በፍጥነት ካደገ የጤና ባለሙያው ሌላ መንሥኤ መፈለግ ይኖርበታል። ሳልሞኔላና ሌሎች ባክቴሪያዎች፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ እንዲሁም ከኤች.አይ.ቪ. ጋር የተያያዘ የደም ቅዳ ብግነት አኑሪዝም ሊያስከትሉ ይችላሉ። የእነዚህ ሕክምና ከተለመደው አኑሪዝም የተለየ ሲሆን፣ ኢንፌክሽን ባለበት ግድግዳ ውስጥ ሰው ሠራሽ ቧንቧ ማስቀመጥም የራሱ የሆነ አደጋ አለው።

ጥገና የሚያስፈልገው መቼ ነው?

እያንዳንዱ አኑሪዝም መጠገን የለበትም። ውሳኔው የሚመሠረተው የመፈንዳቱ አደጋ ከጥገናው አደጋ በልጦ በመገኘቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው የብሪታንያ ጥናትና በ2002 የታተመው የአሜሪካ ጥናት፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ሺህ በላይ ሕሙማንን ይዘው፣ ከ4 እስከ 5.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውን አኑሪዝሞች ወዲያውኑ በቀዶ ጥገና መጠገንን በአልትራሳውንድ ከመከታተል ጋር አነጻጽረዋል። በሁለቱም ጥናቶች ቀድሞ መጠገኑ ዕድሜን አላራዘመም። ኢቫር ከተስፋፋ በኋላ የተካሄዱ ጥናቶችም ትንንሽ አኑሪዝሞችን በዚህ ዘዴ ቀድሞ መጠገን ጥቅም እንደሌለው አሳይተዋል። ስለዚህ ዘዴው ቀላል መሆኑ ብቻውን ለመቸኮል ምክንያት አይሆንም።

በአሁኑ ጊዜ ምልክት የማያሳይ አኑሪዝም ለጥገና የሚታሰበው በወንዶች 5.5 ሴንቲ ሜትር፣ በሴቶች 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲደርስ ነው። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ጥገና ባልተደረገላቸው ሕሙማን ላይ ተካሂዶ በ2002 የታተመ ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ የመፈንዳት ዕድሉ ከ5.5 እስከ 5.9 ሴንቲ ሜትር ለሆኑት 9.4 በመቶ፣ 7 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ለሆኑት ደግሞ 32.5 በመቶ መሆኑን አመልክቷል። ሕመም የሚያስከትል ወይም በፍጥነት የሚያድግ አኑሪዝም ግን ስፋቱ ከተጠቀሰው ልክ በታች ቢሆንም በአስቸኳይ መታየት አለበት።

ከዚህ ልክ በታች ለሆኑት የሚሰጠው እንክብካቤ ማጨስን ማስቆም፣ የደም ግፊትን መቆጣጠር፣ ስታቲን መስጠትና በየጊዜው በአልትራሳውንድ መለካት ነው። ወንዶች በ65 ዓመታቸው በሚመረመሩበት የብሪታንያ አገር አቀፍ መርሐ ግብር ከ3 እስከ 4.4 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኑሪዝም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከ4.5 እስከ 5.4 የሆነው ደግሞ በየሦስት ወሩ ይለካል።

የሕክምናው አጭር ታሪክ

አኑሪዝምን ለመጠገን የተደረጉት የመጀመሪያ ሙከራዎች ቧንቧውን ከውጭ ማጠናከርን ያለሙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1948 ሩዶልፍ ኒሰን የተባለው የቀዶ ጥገና ሐኪም በፊዚክስ ሊቁ አልበርት አይንስታይን ሆድ ውስጥ ያገኘውን አኑሪዝም በሴሎፎን ጠቀለለው። ሴሎፎኑ በዙሪያው ጠባሳ በመፍጠር ግድግዳውን ያጠነክራል ተብሎ ይታመን ነበር። አይንስታይን ከዚያ በኋላ ከስድስት ዓመት በላይ ከኖረ በኋላ አኑሪዝሙ ሲፈነዳ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና አልፈልግም ብሎ በሚያዝያ 1955 ዐረፈ።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1951 ቻርልስ ዱቦስት ፓሪስ ውስጥ አኑሪዝሙን አውጥቶ ከሟች በተወሰደ አኦርታ በመተካት የዘመናዊውን ክፍት ቀዶ ጥገና በር ከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ዳክሮን ከተባለው የፖሊስተር ጨርቅ የሚሠሩ ቧንቧዎች በጥቅም ላይ ዋሉ። ይህ ቀዶ ጥገና ዘላቂ ውጤት ያለው ቢሆንም ሆድን ከደረት በታች እስከ እምብርት ታች መክፈትን፣ አኦርታን ለጊዜው በመቆንጠጫ መዝጋትንና በዚህ ምክንያት በልብና በኩላሊት ላይ የሚደርሰውን ከባድ ጫና መሸከምን ይጠይቃል። የበሽታው ሰለባዎች በአብዛኛው ዕድሜያቸው የገፋ፣ የልብና የሳንባ ሕመም ያለባቸው በመሆናቸው ይህን ጫና መቋቋም የማይችሉት ብዙ ነበሩ።

መፍትሔውን ከቧንቧው ውስጥ የመፈለግ ሐሳብ የመጣው ከዚህ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ኒኮላይ ቮሎዶስ በካርኪቭ ከተማ በደረት አኦርታ ውስጥ በጭን ደም ቅዳ በኩል ስቴንት ያለው ሰው ሠራሽ ቧንቧ አስቀመጠ። በመስከረም 1990 ደግሞ ሁዋን ፓሮዲ በቦነስ አይረስ፣ አርጀንቲና፣ የሆድ አኦርታ አኑሪዝምን በዚሁ መንገድ ጠገነ። የተጠቀመበት መሣሪያ በባሉን የሚሰፋ ስቴንት የተሰፋበት የዳክሮን ቧንቧ ነበር። ፓሮዲና ባልደረቦቹ የመጀመሪያዎቹን አምስት ሕሙማን ውጤት በ1991 ካሳተሙ በኋላ ዘዴው በዓለም ዙሪያ ተስፋፋ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም የመጀመሪያዎቹን መሣሪያዎች በ1999 ፈቀደ።

የአሠራሩ ሂደት

ስቴንት ግራፍት የሚባለው መሣሪያ ሁለት ነገሮች የተጣመሩበት ነው። አንደኛው ደም የማያሳልፍ፣ ከፖሊስተር ወይም ከቴፍሎን የተሠራ ቀጭን ጨርቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጨርቁን ዘርግቶ ከግድግዳው ጋር የሚያጣብቀው የብረት መረብ ነው። መረቡ በአብዛኛው የሚሠራው ኒቲኖል ከተባለው የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ ነው። ይህ ቅይጥ ተጨምቆ በቀጭን ማስገቢያ ውስጥ ከታሰረ በኋላ ሲለቀቅ ወደ ቀድሞ ቅርጹ የመመለስ ጠባይ አለው።

ከጥገናው በፊት ሕመምተኛው ኮንትራስት ተሰጥቶት በሲቲ ስካን ይመረመራል። ሐኪሙም በምስሉ ላይ የአኦርታውን ስፋት፣ ርዝመትና ጥምዝ በሚሊ ሜትር እየለካ ተስማሚውን ግራፍት ይመርጣል። ግራፍቱ በደንብ እንዲጣበቅ ከሚያርፍበት ቦታ ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ሰፋ ያለ ሆኖ ይመረጣል። የሥራው ስኬት በአመዛኙ የሚወሰነው በዚህ የዝግጅት ምዕራፍ ነው።

ጥገናው የሚከናወነው የኤክስሬይ ምስል ያለማቋረጥ በሚታይበት ክፍል ውስጥ ነው። ሙሉ ማደንዘዣ፣ የጀርባ ማደንዘዣ ወይም የአካባቢ ማደንዘዣ መጠቀም ይቻላል። በሁለቱም ብሽሽት የጭን ደም ቅዳዎች በመርፌ ተወግተው ወይም በትንሽ ቁርጥ ተጋልጠው መሪ ሽቦ ወደ አኦርታው ይገባል። ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጣል። ከዚያም በአንደኛው በኩል የግራፍቱ ዋና አካል በሽቦው ላይ ተንሸራቶ ወደ ላይ ይወጣል። ኮንትራስት ተረጭቶ የኩላሊት ደም ቅዳዎች መነሻ በትክክል ከታወቀ በኋላ ግራፍቱ ከእነርሱ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይለቀቃል። የጥቂት ሚሊ ሜትር ስሕተት የኩላሊትን ደም ሊዘጋ ወይም ማጣበቂያውን ሊያሳጥር ስለሚችል ይህ እጅግ ጥንቃቄ የሚሻ እርምጃ ነው።

የግራፍቱ ቅርጽ ከሱሪ ጋር ይመሳሰላል። ዋናው አካል ወደ አንደኛው የዳሌ ደም ቅዳ የሚወርድ ረጅም እግርና በአኑሪዝሙ ውስጥ የሚቀር አጭር እግር አለው። ሁለተኛው መሪ ሽቦ ከሌላው ብሽሽት በኩል በአጭሩ እግር ቀዳዳ እንዲገባ ይደረግና ቀሪው ክፍል በላዩ ተቀጥሎ ወደ ሌላኛው የዳሌ ደም ቅዳ ይወርዳል። መገጣጠሚያዎቹና ጫፎቹ በባሉን ከተጫኑ በኋላ የመጨረሻ ምስል ተነሥቶ ደሙ በግራፍቱ ውስጥ ብቻ መፍሰሱ ይረጋገጣል። ሁሉም እንደታቀደው ሲሄድ ከአኑሪዝሙ ከረጢት የደም ግፊት ይነሣል፤ በከረጢቱ ውስጥ የቀረው ደም ይረጋል፤ ከረጢቱም በወራትና በዓመታት እየኮማተረ ይሄዳል። ሕመምተኛው በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ለማን ይስማማል?

ግራፍቱ ያለ ስፌት በራሱ ኃይል ተጣብቆ የሚቆም በመሆኑ የሚጣበቅበት ጤናማ ግድግዳ ያስፈልገዋል። ከኩላሊት ደም ቅዳዎች በታችና ከአኑሪዝሙ መጀመሪያ በላይ ያለው ጤናማ ክፍል «አንገት» ይባላል። ለአብዛኞቹ መደበኛ ግራፍቶች የአንገቱ ርዝመት ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር፣ ጥምዙም ከ60 ዲግሪ ያልበለጠ እንዲሆን ይፈለጋል። አንገቱ በረጋ ደም ወይም በካልሲየም የተሸፈነ ከሆነ ማጣበቁ ይዳከማል። የዳሌና የጭን ደም ቅዳዎችም ማስገቢያውን የሚያሳልፍ ስፋት ሊኖራቸው ይገባል። የሴቶች ደም ቅዳዎች በተፈጥሮ ጠበብ ያሉ በመሆናቸው መደበኛው ግራፍት የማይስማማቸው ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ብዙ ናቸው።

አንገቱ አጭር ለሆነባቸው ሕሙማን ለኩላሊትና ለአንጀት ደም ቅዳዎች ቀዳዳ ወይም ቅርንጫፍ የተበጀላቸው ልዩ ግራፍቶች ተሠርተዋል። እነዚህ ግን ዋጋቸው የከበደ፣ የሚጠይቁትም ልምድ ከፍ ያለ ነው። ከመሣሪያው አምራች መመሪያ ውጭ በማይመች አንገት ላይ መደበኛ ግራፍት ማስቀመጥ በዕለቱ ቢሳካም በኋላ ለመንሸራተትና ለፍሳሽ ይዳርጋል።

የረጅም ጊዜ ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

ዘዴው በስፋት ከመተግበሩ ጎን ለጎን በብሪታንያ፣ በኔዘርላንድስና በአሜሪካ ሕሙማንን በዕጣ ለኢቫርና ለክፍት ቀዶ ጥገና የመደቡ ጥናቶች ተካሂደዋል። ኢቫር 1 በመባል የሚታወቀው የብሪታንያ ጥናት በ2004 ባወጣው የመጀመሪያ ውጤት በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት በኢቫር 1.7 በመቶ፣ በክፍት ቀዶ ጥገና 4.7 በመቶ ነበሩ። በዚያው ዓመት የታተመው ድሪም የተባለው የኔዘርላንድስ ጥናት 1.2 እና 4.6 በመቶ አገኘ። ኦቨር የተባለውና 881 ሕሙማንን ያቀፈው የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) 0.5 እና 3 በመቶ መዘገበ። ሦስቱም ጥናቶች በአንድ ድምፅ እንደመሰከሩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኢቫር የተሻለ ነው።

ዓመታት ሲቆጠሩ ግን ሥዕሉ ይለወጣል። በድሪም ጥናት ስድስት ዓመት ካለፈ በኋላ በሁለቱም ወገን በሕይወት ያሉት ድርሻ 69 በመቶ አካባቢ ሆኖ ተቀራረበ፤ ተጨማሪ ጥገና ያላስፈለጋቸው ግን በክፍት ቀዶ ጥገና 82 በመቶ ያህል ሲሆኑ በኢቫር 70 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከሁሉም ይበልጥ ትኩረት የሚስበው በ2016 የታተመው የኢቫር 1 የረጅም ጊዜ ውጤት ነው። በ1,252 ሕሙማን ላይ በተካሄደው በዚህ ክትትል ከስምንት ዓመት በኋላ በኢቫር የታከሙት በሞት መጠን ከክፍት ቀዶ ጥገና ሕሙማን በለጡ። በአኑሪዝም ምክንያት ለተከሠተው ሞት ዋናው መንሥኤ የተጠገነው ከረጢት እንደገና መፈንዳቱ ነበር። የአሜሪካው ጥናት በ2019 ባወጣው የረጅም ጊዜ ውጤት በአጠቃላይ ሞት ልዩነት ባያገኝም፣ ከጥገና በኋላ መፈንዳት በኢቫር ወገን በ7፣ በክፍት ቀዶ ጥገና ወገን በ1 ሕመምተኛ ላይ መድረሱን አመልክቷል።

ለክፍት ቀዶ ጥገና አቅም በሌላቸው ሕሙማን ላይ የተካሄደው ኢቫር 2 የተባለው ጥናትም የሚያስተምረው ነገር አለ። በእነዚህ ሕሙማን ኢቫር በአኑሪዝም ምክንያት የሚመጣውን ሞት ቢቀንስም አጠቃላይ ዕድሜያቸውን አላራዘመም፤ በልብና በሌሎች ሕመሞች ምክንያት ሞተዋልና። ስለዚህ «ለቀዶ ጥገና ስለደከመ ኢቫር ይደረግለት» የሚለው አስተሳሰብ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። አንዳንዴ የሚበጀው ሕመምተኛውንና ቤተሰቡን በግልጽ አነጋግሮ ጥገናውን መተው ነው።

እነዚህን ማስረጃዎች ሁሉም የሚመዝናቸው በአንድ ሚዛን አይደለም። የብሪታንያው ናይስ በ2020 ባወጣው መመሪያ ላልፈነዳ አኑሪዝም፣ የሆድ ወይም የማደንዘዣ እንቅፋት ከሌለ፣ ክፍት ቀዶ ጥገናን ያስቀድማል። የአውሮፓ የደም ሥር ቀዶ ጥገና ማኅበር ግን የደም ቅዳው ቅርጽ ለሚመች ለአብዛኛው ሕመምተኛ ኢቫርን፣ ረጅም ዕድሜ ለሚጠበቅለት ደግሞ ክፍት ቀዶ ጥገናን ይመርጣል። ሁለቱም የሚስማሙበት ነጥብ ኢቫር ተመርጦ ከሆነ ክትትሉ ከሕክምናው ተለይቶ ሊታይ እንደማይችል ነው።

ከጥገና በኋላ የሚከሠቱ ችግሮች

ዋናው የኢቫር ችግር ኤንዶሊክ በመባል የሚታወቀው ወደ አኑሪዝሙ ከረጢት የሚገባ የደም ፍሳሽ ነው። አምስት ዓይነት ተብሎ ይመደባል።

አንደኛው ዓይነት ግራፍቱ በላይኛው ወይም በታችኛው ጫፉ በደንብ ባለመጣበቁ የሚከሠት ነው። ሁለተኛው ከወገብ ደም ቅዳዎች ወይም ከታችኛው የአንጀት ደም ቅዳ ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ከረጢቱ የሚፈስ ደም ነው። ሦስተኛው የግራፍቱ ክፍሎች በሚገጣጠሙበት ሥፍራ ሲላቀቁ ወይም ጨርቁ ሲቀደድ ይመጣል። አራተኛው በጥገናው ዕለት በጨርቁ ቀዳዳዎች የሚያልፍና በራሱ የሚቆም ነው። አምስተኛው ፍሳሽ በምስል ሳይታይ ከረጢቱ እየሰፋ የሚሄድበት ሁኔታ ነው።

አንደኛውና ሦስተኛው ዓይነት የአኦርታን ሙሉ ግፊት ወደ ከረጢቱ ስለሚያስገቡ ሳይዘገይ መታረም አለባቸው። ሁለተኛው ከሁሉም የበዛው ሲሆን ብዙውን ጊዜ በራሱ ይቆማል፤ ከረጢቱ እየሰፋ ከሄደ ግን ሕክምና ያስፈልገዋል።

ከኤንዶሊክ ሌላ የግራፍቱ እግር በረጋ ደም ሊዘጋ ይችላል፤ ሕመምተኛው በድንገት የአንድ እግር መቀዝቀዝ፣ ሕመምና የምት መጥፋት ይታይበታል። የዳሌ ውስጠኛ ደም ቅዳ ከተሸፈነ በሚራመድበት ጊዜ የመቀመጫ ሕመም ሊሰማው ይችላል። የግራፍት ኢንፌክሽን ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚደርስ ሆኖ እጅግ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት፣ የጀርባ ሕመምና የክብደት መቀነስ ያስከትላል። ግራፍቱ ከአንጀት ጋር ከተገናኘ ደም ማስታወክ ወይም ጥቁር ሰገራ ይከተላል። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት የሚታይ ቀላል ትኩሳትና የነጭ ደም ሕዋስ መጨመር ግን ብዙውን ጊዜ ሰውነት ለግራፍቱ የሚሰጠው ምላሽ እንጂ ኢንፌክሽን አይደለም።

የፈነዳ አኑሪዝም

ኢቫር ለፈነዳ አኑሪዝምም ይውላል። በ613 ሕሙማን ላይ የተካሄደው ኢምፕሩቭ የተባለው የብሪታንያ ጥናት በ2014 እንዳሳየው የ30 ቀን ሞት ቅድሚያ ኢቫር በታሰበላቸው 35.4 በመቶ፣ በክፍት ቀዶ ጥገና 37.4 በመቶ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ሞቱ 48 እና 56 በመቶ ሆኖ ኢቫር የተሻለ ሆኗል። በአካባቢ ማደንዘዣ ብቻ የተሠራላቸው ሕሙማን ውጤት በተለይ መልካም ነበር።

እነዚህ ቁጥሮች የሚመለከቱት ግን ሆስፒታል የደረሰውንና በጊዜ የታወቀውን ሕመምተኛ ነው። በየትኛውም የጤና ተቋም ዕድሜው ከ60 ዓመት ያለፈ፣ በተለይም የሚያጨስ ወይም ያጨሰ ወንድ በድንገተኛ የሆድ፣ የጎን ወይም የጀርባ ሕመም ሲመጣ የፈነዳ አኑሪዝም መታሰብ አለበት። የደም ግፊት መውረድና በሆድ ላይ የሚመታ እብጠት ሲጨመሩ ጥርጣሬው ይበረታል፤ ሦስቱ ምልክቶች ግን ሁልጊዜ አብረው አይገኙም። በብዛት የሚሳሳቱበት ምርመራ የኩላሊት ጠጠር ነው። በዚህ ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠጠር ሕመም ተብሎ ከመመዝገቡ በፊት የአልትራሳውንድ መሣሪያው በአኦርታው ላይ ለአንድ አፍታ መዋሉ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። ሕመምተኛው ወደ ከፍተኛ ተቋም በሚላክበት ጊዜ ንቃቱ እስካለ ድረስ የደም ግፊቱን በብዙ ፈሳሽ ወደ ጤናማው ልክ ለመመለስ መሞከር አይገባም፤ የጊዜው መድኅን የሆነውን የረጋ ደም ሊያስወግድ ይችላልና።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

ኢቫር የተደረገለት ሰው የትኛውንም ክሊኒክ ሊጎበኝ ይችላል። በአሜሪካ፣ በእስራኤል፣ በአውሮፓ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲኖር ታክሞ ለዕረፍት ወይም ለጡረታ ወደ ኢትዮጵያ የሚመለስ አዛውንት ለዚህ ምሳሌ ነው። ይህ ሰው በሆዱ ላይ የቀዶ ጥገና ጠባሳ የለውም። በብሽሽቱ ያለው ምልክት ከመርፌ መውጊያ ላይበልጥ ይችላል። እርሱ ራሱም «ትንሽ ነገር ነው የተሠራልኝ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ታሪኩ በጥያቄ ካልወጣ በምርመራ አይገኝም። «በደም ሥርዎ ውስጥ የገባ መሣሪያ አለ? የመሣሪያውን ካርድ ይዘዋል? የመጨረሻው ምስል መቼ ተነሣ?» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች በቂ መንደርደሪያ ይሆናሉ።

የተለመደው የክትትል ሥርዓት ከጥገናው አንድ ወር በኋላ በሲቲ ስካን መመርመር፣ ከዚያም በውጤቱ መሠረት በየዓመቱ ወይም በተወሰነ ጊዜ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን መከታተል ነው። ሲቲ ስካን በማይገኝበት ሥፍራ እንኳ የከረጢቱን ስፋት በአልትራሳውንድ መለካትና ከቀድሞው ልክ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ከረጢቱ እየኮማተረ ከሆነ መልካም ምልክት ነው፤ ከሰፋ ግን ፍሳሽ ባይታይም ወደ ስፔሻሊስት መላክ ይገባል። የኩላሊት ሥራ ደካማ በሆነባቸው ሕሙማን የኮንትራስት አጠቃቀም በጥንቃቄ መወሰን አለበት።

በመድኃኒት አሰጣጥ ረገድም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በታኅሣሥ 2018 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ማስጠንቀቂያ ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሳሰሉ የፍሎሮኪኖሎን መድኃኒቶች ሌላ አማራጭ ከሌለ በቀር አኑሪዝም ላለባቸው ወይም ለእርሱ ለተጋለጡ ሰዎች እንዳይሰጡ መክሯል። እነዚህ መድኃኒቶች ለሽንት ቧንቧና ለአንጀት ኢንፌክሽን በብዛት የሚታዘዙ በመሆናቸው ማስጠንቀቂያው የዕለት ተዕለት ሥራን ይነካል።

ማጠቃለያ

ኢቫር ለብዙ ዕድሜያቸው የገፋ ሕሙማን የቀዶ ጥገናን የመጀመሪያ አደጋ በግማሽና ከዚያም በላይ የቀነሰ ሕክምና ነው። ይህን ጥቅም የሚሰጠው ግን አኑሪዝሙን በቦታው በመተው ስለሆነ የመፈንዳት አደጋው ፈጽሞ አይወገድም። ከስምንት ዓመት በኋላ የታየው የሞት ልዩነት የሚያስረዳው፣ በጥገናው ዕለት የተገኘው ውጤት በክትትል ካልተጠበቀ ሊጠፋ እንደሚችል ነው። ሕመምተኛው ይህን ከጥገናው በፊት ሊነገረው ይገባል፤ በየጊዜው ተመላልሶ መመርመር የማይችል ከሆነም ይህ ራሱ በዘዴው ምርጫ ውስጥ መግባት ያለበት ጉዳይ ነው። ግራፍት ያለበት ሰው የሆድ ወይም የጀርባ ሕመም ይዞ በመጣ ጊዜ ሁሉ፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ፣ መንሥኤው ከግራፍቱ ነው ተብሎ መታሰብና በአስቸኳይ ምስል መነሣት አለበት።